ባለ ላይኛው ክፍል

እናቴ በሞተች በሳምንቱ ገደማ፣
ውል አዋዋይ መጣ ከመሀል ከተማ፤
ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ ጫማው እንደራሰ፣
የንብረቱን መዝገብ እስከ ጫፍ ዳሰሰ፦
«ሁለት ሄክታር መሬት፣ የጡብ ግንብ ያለው ቤት፣
ሦስት የወተት ላሞች፣ አንድ አሮጌ ብስክሌት።»
መነጽሩን አውልቆ፣ ጣራውን አየና፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ማፈር አለና፣
«ከላይ ያሉትስ ሰው?» አለኝ።

ከራሳችን በላይ፣ በጣውላው ወለል
ያኪል እግር ይሰማል፣ ሰባት ርምጃ ሲል፣
ሰባቱን ሲመልስ፣ ስምንትን ሲዘል።

ጌል ይሏታል ከተማችንን፤ ልማዷ የቆየ፤
አእምሮው የታወከ፣ ከዘመድ የተለየ
ከገበሬ ቤት ገብቶ ዕድሜውን ይገፋል፤
ከልጆች ጋር ይበላል፣ ከልጆች ጋር ያርፋል።
በሽተኛ አንለውም። ደባል ነው የምንለው።
ሆስፒታሉ ይከፍላል፤ ለሾርባና ለሳሙና ነው።

አኪል ሲመጣ እኔ ገና አልተወለድኩም፤
ስለዚያ ቀን ብዙ ሲያወሩም አልሰማሁም፤
የካርቶን ሻንጣ ይዞ፣ ነርሷ ይዛው በክንድ፣
ከደጃፉ ቆመ፣ ውሃ እንደጠጣ ግንድ።
እናቴ አላለቀሰችለት፤ እናቴ አላቀፈችው፤
«ድንች መላጥ ትችላለህ?» ብላ ጠየቀችው።
ይችል ነበር።

ማታ ማታ ግን የጓሮው ጕድጓድ ይጠራዋል፤
የሞተው ወንድሙ ከውሃው ሥር «ናልኝ» ይለዋል።
እናቴ «ማንም የለም» ብላው አታውቅም፤
«አሁንም?» ብላ ፊቱ ላይ አትስቅም፤
ፋኖሷን አንስታ፣ በእንጨት ጫማዋ፣
በውርጭ፣ በጭቃ ላይ፣ እያፏጨ ሳንባዋ፣
ክዳኑን ትገጥማለች፣ ድንጋይ ትጭናለች፣
ወደ መስኮቱ አንጋጣ «ዘግቼዋለሁ!» ትላለች።
ሠላሳ ስምንት ዓመት።

ሁሉም ግን ማር አልነበረም፤ መዋሸት አልፈልግም።
አንድ የፋሲካ ለታ ሳህኑን ሁሉ ሰበረ፤
ሦስት ወር ሆስፒታል ተኛ፣ ወንበሩ ባዶ ቀረ።
እኔ ደስ አለኝ።
አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ትምህርት ቤት ይስቁብኝ ነበር።
ሲመለስ እናቴ ወንበሩን በጨርቅ ጠርጋ፣
የቆርቆሮ ሳህን ገዛች፣ ስድስት፣ በርካሽ ዋጋ።

«ተቋም አለ» አለኝ ሰውዬው፤ «ንጹሕ፣ የሞቀ ክፍል፣
መኪና ይልካሉ፤ አንተ ስልክ ብቻ ደውል።»
አንትወርፕ ነው የምኖረው፤ ሊፍት ነው የምጠግነው።
«አስብበታለሁ» አልኩት። ካሰብኩ ቆይቼ ነበር።

የዚያን ዕለት ሌሊት ነፋሱ ነበር ከባድ፤
ማንም አላስታወሰኝ፤ ረሳሁት ያን ጕድጓድ።
ደረጃው ሲንቋቋ ነቃሁ፤ የጓሮው በር ተከፍቷል፤
ፋኖሱ ከሚስማሩ የለም፤ ወንድሙ ጠርቶት ሄዷል፣
አልኩ። ባዶ እግሬን ሮጥኩ።

አኪል ተንበርክኮ ክዳኑን ይገጥማል፤
ድንጋዩን አቅፎ፣ እያማጠ ይጭናል።
ከዚያ ቀና ብሎ፣ ፋኖሱን ወደ ፊቴ አቅርቦ፣
«ዋውተር፣ ዘግቼዋለሁ» አለኝ፣ ሽበቱ በካፊያ ረጥቦ።

ከደረት ኪሱ አወጣ የታጠፈ የዳቦ ወረቀት፤
የናቴ እጅ ጽሑፍ፣ በርሳስ፣ በተጣመሙ ፊደላት፦
«አኪል፣ ዋውተርን አደራ።
ትልቅ ሰው ቢመስልም፣ ጨለማ ሲሆን እንዳይፈራ።»

ጠዋት ስልኩን አነሳሁ፤ ጥቂት ይዤው ቆየሁ፤
ማድ ቤት ባልዲ ሙሉ ድንች፣ ሁለት ቢላ አየሁ።
«መላጥ ትችላለህ?» አለኝ።
አልችልም ነበር።
አንድ ልጣጬን አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው፣
ውፍረቱን አየ፣
ምንም አላለኝም።